ሚዩራ እና ኤፍ 40፦ ሲነገር የምንሰማው እና እውነታው

የጣልያኗ የስፖርት መኪና ላምቦርጊኒ ሚዩራ እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ታየች። ሌላዋ የጣልያን መኪና ፌራሪ ኤፍ 40 ደግሞ በ1987 ወጣች። በመካከላቸው 21 ዓመት አለ። ሁለቱንም ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ስለ እነሱ ስህተት ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

«ሞተሯን ከሹፌሩ ጀርባ ያደረገች የመጀመሪያዋ መኪና ሚዩራ ናት።»

አይደለችም። የውድድር መኪኖች ቀድመዋታል። ለመንገድ ከተሠሩትም ትንሿ የፈረንሳይ መኪና ሬኔ ቦኔ ጄት በ1962 መጥታ ነበር። የሚዩራ ድፍረት ሌላ ነው። 3.9 ሊትር የሆነ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ከወንበሮቹ ጀርባ በአግድም ገባላት። ይህን የሚያህል ሞተር በዚያች ቦታ እንዴት ይበቃል? ሐሳቡ የመጣው ከእንግሊዟ ሚኒ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ቤት ውስጥ ተቀመጡ፤ ዘይታቸውም አንድ ሆነ። (ካምቢዮ የምንለው ቃል ራሱ የጣልያኖች ነው።) ቦታ ተገኘ፤ ችግርም አብሮ መጣ። ከካምቢዮው ጥርሶች የሚረግፈው የብረት ብናኝ በዘይቱ በኩል ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ የተለያየው ኤስቪ በተባለችው የመጨረሻዋ የሚዩራ ዓይነት፣ ያውም መጨረሻ ላይ በተሠሩት ነው።

«ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ሚዩራን ያሠራት ፌራሪን ሊበቀል ነው።»

ታሪኩ ይጣፍጣል። ግን ሐሳቡ የእሱ አልነበረም። ዳላራ፣ ስታንዛኒ እና ዋላስ የሚባሉ ወጣት ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓት ውጭ እያመሹ የጀመሩት ነው። የፋብሪካው ባለቤት ፌሩቾ የሚፈልገው ምቹ የረጅም መንገድ መኪና ነበር፤ ውድድር ውስጥ መግባት አልፈለገም። ያን ውበት የሳለው ቤርቶኔ የተባለው የመኪና ዲዛይን ድርጅት ባለሙያ ማርቼሎ ጋንዲኒም ገና 27 ዓመቱ ነበር። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«12 ሲሊንደር ካለ 8 ምን ያደርጋል?»

የመጀመሪያዋ ሚዩራ 350 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ኤፍ 40 በ8 ሲሊንደርና በ2.9 ሊትር 478 አወጣች። ምስጢሩ ሁለቱ ቱርቦዎች ናቸው። የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ እሱ ደግሞ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። ግን ዋጋ አለው። ነዳጅ ስትሰጣት መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ ከዚያ በአንዴ ትወረወራለች። የሚዩራ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው እንደረገጥከው ይመልስልሃል። ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይህ ልዩነት ያመልጠዋል።

«አዲሷ ለመንዳት ትቀላለች።»

ሁለቱም ሹፌር ይፈልጋሉ። ሚዩራ የነዳጅ ታንከሯ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር በከፍተኛ ፍጥነት ፊቷ ይቀልላል። ኤፍ 40 ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የላትም፣ መሪዋም አጋዥ የለውም።

«ያን ያህል ከተከፈለባት ኤፍ 40 የቅንጦት መኪና ናት።»

ሬዲዮ የላትም። ምንጣፍ የላትም። በሯ ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ ተስቦ ነው። አካሏ ካርቦን ፋይበርና ኬቭላር ከሚባሉ ቀላልና ጠንካራ ቁሶች ነው፤ ሁሉም ነገር ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የተደረገ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ግን አላት፤ ያለ እሱ ውስጧ አያስቀምጥም።

«ብርቅ የሆነችው ኤፍ 40 ናት።»

መጀመሪያ የታሰበው 400 ያህል ነበር። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 ሲያርፍ ሥራው ቀጥሎ ነበር፤ እስከ 1992 ድረስ 1,311 ተሠሩ። ሚዩራ ግን እስከ 1973 ተሠርታ 800 እንኳ አልሞላችም። ብርቅዬዋ አሮጊቷ ናት።