«በራሱ ላይ የእሳት ፍም ትከምራለህ»፦ የአባባሉ ምንጭና ትርጓሜ

የበደለንን ሰው በተቸገረ ጊዜ ስንረዳው የሚያዩ ሰዎች «በራሱ ላይ የእሳት ፍም ከመርክበት» ይላሉ። አባባሉ በምስጋና መልክ ቢነገርም ውስጡ የድል ስሜት አለበት፤ «ከስድብና ከክስ ይልቅ ደግነትህ አቃጠለው፣ እሰይ አንጀትህ ራሰ» እንደ ማለት ነው። እንዲህ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ክርስቲያናዊ ምሕረት ጨዋነት የተላበሰ በቀል ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አባባሉን ከመጣበት ስፍራ ስናነበው ግን የሚናገረው ጠላትነት ስለሚቆምበት መንገድ ነው፤ ጠላትን ስለ ማቃጠል ብልሃት አንዳች አያስተምርም።

ብዙ ሰው ይህን ቃል የሚያውቀው ሐዋርያው ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ57 ገደማ በሮሜ ለነበሩ ክርስቲያኖች ከጻፈው መልእክት ነው። በምዕራፍ 12 ቁጥር 20 ላይ «ጠላትህ ግን ቢራብ አብላው፤ ቢጠማ አጠጣው፤ ይህን በማድረግህ በራሱ ላይ የእሳት ፍም ትከምራለህና» ይላል። ቃሉ ግን የጳውሎስ ፈጠራ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 25 ቁጥር 21 እና 22 ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ያ ምዕራፍ ሲጀምር የተሰበሰቡት የሰሎሞን ምሳሌዎች መሆናቸውንና የቀዱአቸውም የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ሰዎች መሆናቸውን ይናገራል። ሕዝቅያስ የነገሠው በስምንተኛው ምዕተ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጨረሻና በሰባተኛው መጀመሪያ ስለሆነ፣ ጳውሎስ ሲጠቅሰው ምሳሌው በጽሑፍ ከሰፈረ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከዚያም በፊት የሙሴ ሕግ በዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት፣ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ ትተኸው አትለፍ ብሎ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ለጠላት በጎ ማድረግ በብሉይ ኪዳን ፈጽሞ አይታወቅም የሚለው በየስብከቱ የሚሰማ አነጋገር ትክክል አይደለም።

የፍሙን ምሥጢር ለመፍታት የተሞከረው ብዙ ነው። በጣም የተለመደው ማብራሪያ በጥንት ዘመን እሳቱ የጠፋበት ሰው ከጎረቤቱ ፍም ተቀብሎ በሸክላ ዕቃ በራሱ ላይ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር፣ ስለዚህም ፍም መከመር ማለት አትረፍርፎ መስጠት ነው የሚለው ነው። ማብራሪያው ለጆሮ ይጥማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ምሳሌው የሚናገረው እሳት ስለቸገረው ጎረቤት ሳይሆን ስለተራበና ስለተጠማ ጠላት ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም በሰው ላይ የሚወርድ ፍም የደግነት ስጦታ ሆኖ የተነገረበት ስፍራ የለም። በመዝሙር 140 ላይ በዓመፀኞች ላይ ፍም እንዲወርድ የተጸለየው ጸሎት የቅጣት ጸሎት ነው። ፍም ያቃጥላል፤ ትርጓሜያችን ይህን ሊሸሽገው አይገባም።

ሌሎች ሊቃውንት ወደ ግብፅ ይመለከታሉ። በአንድ የጥንት ግብፃውያን ተረት ውስጥ ከመቃብር መጽሐፍ ሰርቆ የወሰደ ሰው በእጁ ባላ በትር ይዞ፣ በራሱ ላይም እሳት የነደደበት ማንደጃ ተሸክሞ የሰረቀውን እንዲመልስ ይደረጋል፤ ይህም በይፋ መጸጸትን የሚያሳይ ሥርዓት ነው ይላሉ። ተረቱ የተገኘበት ጽሑፍ ከሕዝቅያስ ዘመን በብዙ ምዕተ ዓመታት ስለሚዘገይ ትርጓሜውን ሁሉ በእርሱ ላይ ማቆም ደካማ መሠረት ላይ መገንባት ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ለምሳሌው የሚቀርበው ከሕዝቅያስ ቀድሞ የተጻፈውና ከመጽሐፈ ምሳሌ ጋር በብዙ ቦታ የሚመሳሰለው አሜነሞፔ የተባለው ግብፃዊ ጠቢብ ምክር ነው፤ ክፉውን ሰው አንሣው፣ እጅህን ስጠው፣ ጠግቦ እስኪያፍር ድረስም ሆዱን ከራስህ እንጀራ ሙላው ይላል። እዚህ ላይ እንጀራውና ኀፍረቱ አብረው ይገኛሉ። የሚያቃጥለው በበላው እንጀራና በሠራው ክፋት መካከል ያለው ርቀት ለራሱ ለበደለኛው ሲታየው የሚሰማው ነገር ነው።

በቤተ ክርስቲያን አባቶችም ዘንድ ትርጓሜው አንድ ዓይነት አልነበረም። ዮሐንስ አፈወርቅ ፍሙን ጠላት ሳይጸጸት ቢቀር እንደሚጠብቀው ቅጣት አድርጎ ተረድቶታል፤ ነገር ግን ጳውሎስ ይህን የተናገረው ቂም ይዞ በጎ ለማድረግ እግሩ ያልተንቀሳቀሰለትን ሰው ለማስጀመር እንደሆነና፣ ጠላቱን ማብላት የጀመረ ሰው በቀሉን ይዞ እንደማይዘልቅ አስተማረ። አውግስጢኖስ ደግሞ ፍሙ የሚያቃጥል የንስሓ ልቅሶ ነው፣ በመከራው ጊዜ የደረሰለትን ሰው ጠላት አድርጎ መኖሩን አስቦ የሚያዝን ሰው ትዕቢቱ በዚያ ይፈወሳል አለ። ሁለቱ በፍሙ ቢለያዩም በሰጪው ላይ ይስማማሉ፤ ጠላቱ እንዲቃጠል ተመኝቶ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ትእዛዙን ገና አልፈጸመም።

እኔ ወደ አውግስጢኖስ አደላለሁ፤ ምክንያቴም ቃሉ የተቀመጠበት ስፍራ ነው። ጳውሎስ ጥቂት ቍጥሮች ቀደም ብሎ የሚያሳድዱአችሁን መርቁ፣ አትርገሙም ብሏል፤ ከፍሙ በፊት ባለው ቁጥር በቀል የእግዚአብሔር እንደሆነ ተናግሮ፣ ከፍሙ በኋላ ባለው ቁጥር «ክፉውን በመልካም አሸንፍ እንጂ በክፉ አትሸነፍ» ብሎ ይዘጋል። ፍም መከመር በዘዴ ማሠቃየት ቢሆን ኖሮ በመካከሉ ያለው ቃል ከላዩንም ከታቹንም ያፈርስ ነበር። በተጨማሪም መጽሐፈ ምሳሌ «እግዚአብሔርም ዋጋህን ይመልስልሃልና» ብሎ የሚጨርሰውን ጳውሎስ ሳይጠቅሰው አልፏል፤ በእርሱ ጥቅስ ውስጥ የሚቀሩት የተራበው ጠላትና የሚያበላው ሰው ብቻ ናቸው።

መልእክቱ የተላከላቸው ሰዎችም ጠላት የሚለውን ቃል በሐሳብ ብቻ የሚያውቁ አልነበሩም። ቄሣር ቀላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ አይሁድን ከሮሜ እንዲወጡ አዝዞ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ የምናገኛቸው አቂላና ጵርስቅላ በዚያ ትእዛዝ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ባልና ሚስት ናቸው። ጳውሎስ ሲጽፍ ወደ ሮሜ ተመልሰው ስለነበር በምዕራፍ 16 ሰላምታ ያቀርብላቸዋል። ጠላትህ ቢራብ አብላው የሚለው ቃል በጉባኤ ሲነበብ ከአድማጮቹ መካከል ያባረራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ጸሐፊውም ቢሆን ስለ ጠላት ሲናገር ራሱን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይህ ነጥብ በትርጓሜ መጻሕፍት ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ የሚገባው ይመስለኛል። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር የወጋሪዎቹ ልብስ የተቀመጠው ሳውል በሚባል ጎልማሳ፣ በኋላ ጳውሎስ በተባለው በራሱ፣ እግር አጠገብ ሲሆን፣ እስጢፋኖስም «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» ብሎ ሲጸልይ ሳውል በዚያው ነበር። ቆይቶም ክርስቲያኖችን ለማሰር ወደ ደማስቆ ሲሄድ በመንገድ ላይ ዓይኑ ጠፋ፤ ሰዎች እጁን ይዘው ወደ ከተማይቱ አስገቡት፤ ሦስት ቀንም ሳያይ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ ቆየ። ሐናንያ የተባለው ደቀ መዝሙር ወደ እርሱ እንዲሄድ ሲታዘዝ ያ ሰው በኢየሩሳሌም ባሉት ቅዱሳን ላይ ያደረሰውን ክፋት እንደሰማ፣ ወደዚህም የመጣው ሊያስር መሆኑን በመግለጽ ተከራከረ። ክርክሩ ሐሰት አልነበረውም። ሆኖም ሄደ፤ ቅን በተባለው መንገድ ወዳለው ቤት ገብቶ እጁን ጫነበትና «ወንድሜ ሳውል ሆይ» አለው። ሳውልም ዓይኑ በራለት፤ ተጠመቀ፤ መብልም በልቶ በረታ። እንግዲህ ስለተራበና ስለተጠማ ጠላት የጻፈው ሰው አስቀድሞ በደቀ መዛሙርቱ ፊት የተራበውና የተጠማው ጠላት ራሱ ነበር። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ «ጠላቶች ሳለን» ከእግዚአብሔር ጋር ታረቅን ብሎ ሲጽፍም የሚናገረው ከዚሁ ነው። ጌታችንም በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ጠላቶቻችሁን ውደዱ ሲል ያቀረበው ምክንያት አባታችሁ በክፎዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይን ያወጣል የሚል ነው፤ የትእዛዙ ሥር ጠላቱ ወደፊት የሚያሳየው ለውጥ ሳይሆን እግዚአብሔር አሁን የሚያደርገው ነው።

ትእዛዙ ፍቅርን ከስሜት በፊት በሥራ መጠየቁም ልብ ሊባል ይገባል። የሚቀርበው እንጀራና ውኃ ነው፤ ልባችን እስኪለዝብ መጠበቅ አልታዘዝንም። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ኤልሳዕን ሊይዙ በሌሊት ዶታይንን የከበቡት የሶርያ ወታደሮች ዓይናቸው ታውሮ ወደ ሰማርያ በተወሰዱ ጊዜ፣ የእስራኤል ንጉሥ «አባቴ ሆይ፥ ልግደላቸውን? ልግደላቸውን?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ኤልሳዕ እንጀራና ውኃ በፊታቸው አኑርላቸው፣ በልተውና ጠጥተው ወደ ጌታቸው ይሂዱ አለው፤ ንጉሡም ብዙ መብል አዘጋጅቶ አብልቶ አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ የሶርያ አደጋ ጣዮች ወደ እስራኤል አገር አልመጡም ይላል መጽሐፉ። ነገር ግን በሚቀጥለው ቁጥር የሶርያ ንጉሥ ሠራዊቱን ሁሉ ሰብስቦ ሰማርያን እንደከበበ ይነግረናል። ከማዕዱ የበሉትና ማዕዱን ያላዩት አንድ አይደሉም።

ከዚህ ላይ የአባባሉ አስቸጋሪ ጎን ይመጣል፤ ፍሙ የተከመረበት ሰው ሁሉ አይለወጥም። ይህን ካልተቀበልን ደግነታችን ውጤት የሚጠብቅ ንግድ ይሆናል፤ ረድተነው ፊቱን እያየን «አፈረ ወይስ አላፈረም» እንላለን፣ ያደረግንለትንም ለወዳጆቹ እያዳረስን ኀፍረቱን ራሳችን እንጭንበታለን። ከኅሊናው የሚነሣ ኀፍረት ወደ ንስሓ ሊያደርሰው ይችላል፤ እኛ በሰው ፊት የምናወርድበት ግን ውርደት ስለሆነ ቂሙን ያድሰዋል። ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን መግደል ሲችል የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ በተወው ጊዜ ሳኦል ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ዳዊት ከእርሱ ይልቅ ጻድቅ መሆኑን፣ በክፋቱ ፋንታ በጎ እንደመለሰለት በአፉ መሰከረ። ከዚህ የበለጠ የፍም ምስክር ከየት ይመጣል? ሆኖም ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ያው ሳኦል ሦስት ሺህ ሰው ይዞ ዳዊትን በዚፍ ምድረ በዳ ሲያሳድድ እናገኘዋለን።

ዳዊት በሁለተኛውም ጊዜ ማረው። በሳኦል ራስጌ የተተከለውን ጦርና የውኃውን ዕቃ ወስዶ፣ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆኖ ተጣራ። ሳኦልም «ልጄ ዳዊት ሆይ፥ ተመለስ» አለው። ዳዊት ጦሩን የሚወስድ ጎልማሳ እንዲልክ ነገረው እንጂ አብሮት አልሄደም፤ ብዙም ሳይቆይ የሳኦል እጅ ወደማይደርስበት አገር ሸሸ። በደል የሚደርስባቸውን ሰዎች «ይቅር ካልክ ተመለስ» እያሉ ወደ በዳያቸው ቤት የሚመልሱ መካሪዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት መልካም ነው። ጳውሎስም ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» የሚል ወሰን አስቀምጦለታል፤ ወዲያው በምዕራፍ 13 ደግሞ ክፉ አድራጊን የመቅጣት ሥልጣን ለመንግሥት የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የተበደለ ሰው በዳዩን በሕግ ፊት አቅርቦ፣ በርቀትም እየኖረ፣ ያው በዳይ በተራበ ቀን እንጀራ ሊልክለት ይችላል።