የፓይክ መንጋ ምንድን ነው? አዳኝ ዓሣ ተሰባስቦ ይኖራል ወይ?

ፓይክ ቀዝቃዛ አገር ባሉ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር ትልቅ አዳኝ ዓሣ ነው። ስለ እሱ ዓሣ አጥማጆች የማይሰለቻቸው ክርክር አለ። አንዱ ከአንድ ጥግ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ፓይክ ያወጣና «መንጋ አግኝቻለሁ» ይላል። ሌላው ይስቅበታል። «ፓይክ ብቸኛ ነው፣ የምን መንጋ!» የሚገርመው ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ፓይኮች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መንጋ ግን አይሆኑም።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ዓሣ በሁለት መንገድ ሊሰባሰብ ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ዓሦቹን የሚስባቸው ቦታው ነው። ምግብ ሊሆን ይችላል፣ ጥላ ሊሆን ይችላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም እንቁላል የሚጣልበት ሣር ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲጥል አንድ በረንዳ ሥር የተጠለሉ መንገደኞችን አስቡ። ጎን ለጎን ቆመዋል። ግን አብረው አልመጡም፤ ዝናቡ ሲያባራም አብረው አይሄዱም። ይህን መከማቸት እንበለው።

በሁለተኛው መንገድ ዓሣውን የሚስበው ሌላው ዓሣ ነው። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይከተላል። ቦታ ሲቀይሩ አብረው ይቀይራሉ። ምግቡ አልቆም አይበታተኑም። መንጋ የሚባለው ይሄኛው ነው። ሰርዲንን የመሳሰሉት ደግሞ ከዚህም አልፈው በአንድ ፍጥነት እየዋኙ እኩል ይታጠፋሉ።

ትናንሽ ዓሦች ለምን መንጋ እንደሚወዱ በደንብ ተጠንቷል። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ደስ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። መንጋ የፍቅር ውጤት አይደለም ይላል። እያንዳንዱ እንስሳ በራሱና በአደጋው መካከል ሌላ እንስሳ እንዲኖር ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ጎረቤቱ ይጠጋል። ጎረቤቱም እንደዚያው ያደርጋል። ሁሉም ለራሱ ብቻ ሲያስብ መንጋ ይፈጠራል።

አሁን ይህን ሐሳብ ወደ ፓይክ እንውሰደው። አንድ ሜትር የደረሰ ፓይክ ውሃ ውስጥ ማንን ይፈራል? ከሰው ውጪ ብዙ ጠላት የለውም። ትንሹ ፓይክስ? እሱማ የሚፈራው አለው። የሚፈራው ግን ትልቁን ፓይክ ነው። ወደ ጎረቤት መጠጋት እዚህ ላይ መሸሸጊያ መሆኑ ይቀርና ራት መሆን ይመጣል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ፓይክ የገዛ ወገኑን በመብላት የታወቀ ዓሣ ነው። የሚጀምረውም ገና በልጅነቱ ነው። የፓይክ ጫጩት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ይበላል። ብዙም ሳይቆይ፣ ገና ጥቂት ሴንቲሜትር ሳለ፣ ወደ ዓሣ ይዞራል። በዚያን ጊዜ አጠገቡ በብዛት የሚገኘው ዓሣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንድሙ ነው። ትንሽ ቀድሞ የተፈለፈለው ትንሽ ዘግይቶ የመጣውን ይውጠዋል። የመጠን ልዩነቱ በጣም ሰፊ መሆን እንኳ አያስፈልገውም። እኩያውን ሊውጥ ሞክሮ፣ አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ ተቀርቅሮ ሁለቱም ሞተው የተገኙበት አጋጣሚ አለ።

ስለዚህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ፓይክ ዘንድ አይሠራም። የሰውነቱም አሠራር ያንን ይመሰክራል። ፓይክ ረዥም ነው። የጀርባውና የሆዱ ክንፎች ወደ ኋላ፣ ጭራው አጠገብ ተሰብስበዋል። ይህ ቅርጽ ለሩቅ ሩጫ አይሆንም። ለአንድ ድንገተኛ ወርወር ግን የሚያህለው የለም። ፓይክ ሸንበቆ ወይም የውሃ ተክል ውስጥ ገብቶ ፀጥ ይላል። መልኩ አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ስላሉት ከተክሉ ጋር ይመሳሰላል። ታዳኙ ሲቀርብ ሰውነቱን እንደ ኤስ (S) ፊደል ያጥፍና ይወረወራል። ሳተ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አበቃ ማለት ነው። ብዙ ርቀት አያሳድድም።

አድፍጦ ለሚያድን እንስሳ ጓደኛ ምን ይጠቅመዋል? ምንም። እንዲያውም ጎረቤቱ ከተንቀሳቀሰ ታዳኙን ያስበረግግበታል።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ዝርፊያ። ፓይክ ዓሣ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ከጎን ይነክሰውና ከዚያ አዙሮ ከጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል። ታዳኙ ትልቅ ከሆነ ይህ ጊዜ ይፈጃል። በዚያ መሐል ሌላ ፓይክ መጥቶ ከአፉ ሊነጥቀው ይችላል። ከባሰም ራሱን በላተኛውን ይበላዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ግልጽ አድርገውታል። ፓይክ አፉ የሚችለውን ያህል ትልቅ ዓሣ አይመርጥም። ቶሎ የሚዋጠውን ትንሹን ይመርጣል። አንዱ ትልቅ ምክንያት የሌሎች ፓይኮች መኖር ነው። እንግዲህ ጎረቤት ቀርቦ ባያየው እንኳ፣ ሊኖር ይችላል የሚለው ስጋት ብቻ የምሳውን ዓይነት ይቀይርበታል ማለት ነው።

ታዲያ ሦስቱ ፓይኮች አንድ ጥግ ምን ይሠራሉ?

ትልቁ ምክንያት ወቅት ነው። በረዶው ቀልጦ የፀደይ ውሃ መሞቅ ሲጀምር፣ ሙቀቱ ከ6 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ሲሆን፣ ፓይኮች ጎርፍ ወዳለበሰው ሣርና ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይወጣሉ። ወንዶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። አንዷን ትልቅ ሴት ሁለት ሦስት ትናንሽ ወንዶች አጅበው ሲዋኙ ማየት የተለመደ ነው። ትልቅ ሴት ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ የሚጣበቅ ስለሆነ ሣሩ ላይ ይቀራል። እናትም አባትም አይጠብቁትም። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል።

ባልቲክ ባሕር ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያምራል። እዚያ ውሃው ጨዋማነቱ አነስተኛ ስለሆነ ፓይክ ባሕሩ ላይ ይኖራል። እንቁላል ለመጣል ግን ከፊሎቹ ወደ ትናንሽ ወንዞች ይወጣሉ፤ በየዓመቱም ወደዚያው ወንዝ ይመለሳሉ። ከሩቅ ለሚያይ የተቀጣጠረ ጉዞ ይመስላል። የሚያገናኛቸው ግን ወንዙ ነው።

በጋ ላይ ሙቀት ይመጣል። ትላልቅ ፓይኮች ከትናንሾቹ ይልቅ ሙቀት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ምንጭ የሚፈልቅበት ወይም ቀዝቃዛ ጅረት የሚገባበት ቦታ ላይ በርካታ ትላልቅ ዓሦች ሊገኙ ይችላሉ። በክረምት ሐይቁ በበረዶ ሲሸፈንና ኦክስጂን ሲያንስ ደግሞ አየር ያለው ውሃ ወደሚገባበት ይሄዳሉ። የትናንሽ ዓሦች መንጋ አንድ ቦታ ሲከማችም ፓይኮች ዙሪያውን ይይዙታል። ልብ በሉ፣ መንጋው የታዳኞቹ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አጥማጅ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከአንድ ቦታ የሚወጡ ፓይኮች ብዙውን ጊዜ መጠናቸው ይቀራረባል። ይህ ጓደኝነት ይመስላል፤ ግን ፍርሃት ነው። ትንሹ ትልቁ ካለበት ይርቃል። ጥቅጥቅ ያለ ተክል ውስጥ ትናንሾቹ ይደበቃሉ፤ ትላልቆቹ ዳር ዳሩን ወይም ክፍቱን ውሃ ይይዛሉ። ተክል የበዛበት ሐይቅ ብዙ ፓይክ የሚይዘውም በከፊል ለዚህ ነው። ካልተያዩ አይበላሉም።

ፓይኮች በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ አለ። ዊንደርሚር የሚባለው ሐይቅ ሰሜናዊና ደቡባዊ የሚባሉ ሁለት ገንዳዎች አሉት። እዚያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፓይኮች እየተያዙ፣ ምልክት እየተደረገባቸው፣ እየተለቀቁ ሲጠኑ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት የ50 ዓመት መረጃ ይዞ አንድ ውጤት አሳይቷል። ዓሦቹ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው የሚሄዱት ኑሮው ወደሚሻልበት ነው። አንዱ ጋ ሲጣበብ ወደ ሌላው ይፈልሳሉ። በመጨረሻም ሁለቱም ጋ የመኖርና የመራባት ዕድሉ ይመጣጠናል። መሪ የለም፣ ተከታይ የለም። እያንዳንዱ የራሱን ሒሳብ ይሠራል፤ ድምሩ ግን የታቀደ ይመስላል። ለእኔ ከፓይክ ታሪክ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ሌሎቹ። ፓይክ ባለበት ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፐርችም አለ። ፐርች ባለ ጥቁር ሽንትር፣ ከፓይክ በጣም የሚያንስ አዳኝ ነው። በተለይ በወጣትነቱ መንጋ ይወዳል። አደኑ ማሳደድ ነው። ብዙ ሆነው ትናንሽ ዓሦችን ያሯሩጣሉ፣ ከመንጋቸው ይነጥላሉ፣ ያደክማሉ። አንዱ የሳተውን ሌላው ያገኘዋል። እዚህ ላይ ጓደኛ ትርፍ አለው። ሁለቱን ዝርያዎች ጎን ለጎን ያስተያየ ሙከራ ፐርች በቡድን ሲሆን እንደሚጠቀም፣ ፓይክ ግን እንደማይጠቀም አሳይቷል። ፐርችም ቢሆን ሲተልቅ እየተነጠለ ይሄዳል።

ፒራንያስ? ስለ ፒራንያ የሚነገረው ሁሉ መንጋው ለአደን የተደራጀ ጦር እንደሆነ ነው። ተመራማሪዎቹ አን ማጉራንና ሄልደር ኬይሮዝ ብራዚል አማዞን ውስጥ ቀይ ሆድ ያለውን ፒራንያ አጥንተው ሌላ ነገር አገኙ። ፒራንያ የሚሰባሰበው ፈርቶ ነው። ዶልፊን፣ አዞ መሰሉ ካይማንና ትላልቅ ዓሦች ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ ስምንት ሆነው የተቀመጡት ፒራንያዎች ሁለት ብቻ ከሆኑት ይልቅ ተረጋግተው ይተነፍሱ ነበር። የሃሚልተን ሐሳብ እዚህ ሙሉ በሙሉ ሠራ። አዳኝ መሆን ታዳኝ ከመሆን አያድንም።

በቡድን የሚያድን የወንዝ ወይም የሐይቅ ዓሣ የለም ማለት ግን አይደለም። ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ኮርኒሽ ጃክ የሚባል፣ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ረዥም ዓሣ አለ። ሌሊት በቡድን ሆኖ ትናንሽ ዓሦችን ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በአደኑ ወቅት የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚለዋወጡ አሳይቷል። በጨለማ የማይጠፋፉት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህም የሚገርም አለ። ብራዚል ውስጥ በፓራ ግዛት፣ ከኢሪሪ ወንዝ አጠገብ ባለ ትንሽ ሐይቅ ከ100 በላይ የኤሌክትሪክ ኢሎች፣ ማለትም እባብ የሚመስሉ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ዓሦች፣ ተሰባስበው ታይተዋል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ጀንበር ስትወጣና ስትጠልቅ ክብ ሠርተው ትናንሽ ዓሦችን ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ይነዳሉ። ከዚያ እስከ አሥር የሚደርሱት ተጠግተው ባንድ ላይ ኤሌክትሪኩን ይለቁታል። ዓሦቹ ከውሃው ተፈናጥረው ደንዝዘው ይወድቃሉ። የኤሌክትሪክ ኢል ደግሞ እስከዚያ ድረስ እንደ ፓይክ ብቸኛ አዳኝ ተደርጎ ነበር የሚታሰበው።

መካከለኛ ጉዳይም አለ። ዌልስ የሚባለው የአውሮፓ አምባዛ ከሁለት ሜትር በላይ የሚያድግ ግዙፍ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሮን ወንዝ ላይ፣ ከ15 እስከ 44 የሚሆኑ አዋቂ ዌልሶች ተጠጋግተው፣ ተነካክተው ወንዙ ወለል ላይ ታይተዋል። አደን ላይ አልነበሩም። እንቁላል እየጣሉም አልነበረም። መከማቸትና መንጋ ብለን የለየነው መስመር እዚህ ላይ ይደበዝዛል።

እንግዲህ ውሃ ውስጥ ብዙ አዳኞችን ባንድ ቦታ ያየ ሰው ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል። ይህ ዓሣ የሚያድነው አሳድዶ ነው ወይስ አድፍጦ? አጠገቡ ያለው ወገኑ ሊበላው ይችላል ወይስ አይችልም? የሚያሳድድና በእኩዮቹ የማይበላ ዓሣ መንጋ ቢሆን አይገርምም። ፓይክ በሁለቱም ጥያቄ ይወድቃል። አንድ ፓይክ የወጣበት ጥግ ሌላ ሊኖርበት እንደሚችል ግን እውነት ነው፤ ጥሩ ማድፈጫ ለአንዱ ጥሩ ከሆነ ለሌላውም ጥሩ ነው። መንጠቆውን እዚያው መልሶ መጣል ያዋጣል። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ጓደኛ ስለነበር አይደለም እዚያ የተገኘው።