ዝግባ፦ የወፍ ዋሻው ረጅም ዛፍ

ሰሜን ሸዋ መጥቶ ረጅም ዛፍ አሳዩኝ የሚል እንግዳ ካጋጠማችሁ ባህር ዛፍ እንዳታሳዩት። ወፍ ዋሻ ውሰዱት። ደኑ ከደብረ ሲና በስተደቡብ እስከ አንኮበር ድረስ ባለው ገደላማ ተዳፋት ላይ ነው ያለው፣ ጉም የማይለየው ቦታ። ከላይ አስታ፣ ከዚያ ኮሶና ጥድ፣ ዝቅ ሲባል ደግሞ ዝግባ ይመጣል።

ዝግባ የአፍሪካ ዛፍ ነው። ከእኛ ተራሮች ጀምሮ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። ሲመቸው 45 ሜትር ይደርሳል፣ አሥራ አምስት ፎቅ በሉት። መዝሙረ ዳዊት ላይ የምናውቀው የሊባኖስ ዝግባ ግን ሌላ ዛፍ ነው፤ በስም ነው የተገናኙት።

ጣጣውም ቁመቱ ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቅርንጫፍ የሚጀምረው ከሩቅ ነው፣ እንጨቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ለመላጊያ የተመቸ ነው፣ እንደ ጥድ ምስጥ ባይችልም ለጣውላ፣ ለበርና ለኮርኒስ የሚመርጠው ብዙ ነው። ታዲያ ቆራጭ ደን ሲገባ ጠማማውን ማን ይነካዋል? ቀጥ ያለው ይሄዳል፣ ዘር ሊሰጥ የሚቀረው ጎባጣው ነው።

ሌላው ችግር ዘሩ ነው። ፍሬው ብይ የሚያክል ክብ ነገር ነው፤ ለስላሳው ልጣጭ ሲነሳ ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። እኔ አንዴ በጥርሴ ልሞክር ብዬ ነበር፣ በመዶሻ ነው የተገላገልኩት። ችግኝ ጣቢያ ውስጥም ካልሰነጠቁት ለመብቀል ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በጥቂት ዓመት ለሽያጭ የሚደርሰውን ባህር ዛፍ የሚመርጠው፤ የልጆቹን ደብተር መግዣ የሚፈልግ ገበሬ ዝግባ እስኪያድግ አይጠብቅም፣ አይፈረድበትም።

በሕግ በኩል ነገሩ የቆየ ነው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዝግባን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከጥድ ጋር በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ራሱ ግን በ1999 በሌላ ተተክቷል። የትኛው ዝርያ ለመጥፋት እንደተቃረበ የሚመዘግበው ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ግን ስጋት ከሌለባቸው ዝርያዎች ነው የመደበው፤ ሰፊ አገር ላይ ስለሚበቅል ነው። ለአንድ ተዳፋት ይህ ብዙም አያጽናናም።

ከደን ውጪ ትልልቅ ዝግባ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፣ መጥረቢያ ስለማይደፍረው። ብቻውን ሲቀር ግን ሌላ መዘዝ አለው፤ የዝግባ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፣ የሚያዳቅላቸው ነፋስ ነው፣ ሴቴዋ አቅራቢያ ወንዴ ከሌለ ፍሬ የለም። ችግኙ የትኛው እንደሆነ ደግሞ እስኪያብብ አይለይም። ስለዚህ ለመትከል ያሰበ ሰው አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት አድርጎ ቢተክል ነው የሚያዋጣው።