ዱካክ ምንድን ነው? የሉሲድ ድሪም በርስ ማን አደረገው?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እሱ ጋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እዚህ አሜሪካ ገና ማታ ሁለት ሰዓት። ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

«አክስቴ፣ መተኛት ፈራሁ» አለኝ።

ልጁ ሉሲድ ድሪም መለማመድ ጀምሯል። እያለሙ መሆኑን አውቆ ማለም ማለት ነው። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምር አንድ ሰው «በሩ ዱካክ ነው፤ ዱካክ ካልያዘህ አትገባም፤ ፈሪ አያልፍም» ብሎታል። እሱም በጀርባው ተንጋሎ፣ ሌሊት በአላርም እየተነሳ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዱካክን እንደ ታክሲ ተሰልፎ ጠበቀው። በሦስተኛው ሌሊት መጣለት። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ። በሩ ጋ ሰው የቆመ መሰለው። እናቱን ሊጣራ ቢል ድምፁ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ መብራት አብርቶ ነው የሚያድረው።

እኔ የእንቅልፍ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሰው ሲተኛ እያየሁ ነው ደሞዝ የሚከፈለኝ። «በሩ ዱካክ ነው» የሚለውን ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ አልፌው ነበር። የእህቴ ልጅ ቤት ሲደርስ ግን በቃኝ።

ስለ እንቅልፍ ደረጃዎች ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም። ሬም የሚባል ክፍል እንዳለ፣ ደማቅ ህልም የሚበዛውም እዚያ እንደሆነ ካወቃችሁ ይበቃል።

ታካሚ ሲመጣልን ጭንቅላቱ ላይ፣ ዓይኖቹ አጠገብ፣ እግሮቹና አገጩ ላይ ሽቦ እንለጥፋለን። እኔ ዓይኔ የሚሄደው አገጩ መስመር ላይ ነው። ሰውየው ነቅቶ ሲያወራ መስመሩ እንዳልተበጠረ ጸጉር የተንጨባረረ ነው። ሲተኛ ይሳሳል። ሬም ሲገባ ክር ይሆናል፤ ጸጥ። በዚያው ደቂቃ የዓይኖቹ መስመር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ህልሙ እየሮጠ ነው፣ ሰውነቱ ግን ታስሯል። የሚያስረው ከአንጎል ግርጌ ያለው ግንድ ነው፤ ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን ዝም ያሰኛቸዋል። በህልማችሁ ጅብ ሲያባርራችሁ ተነስታችሁ በመስኮት እንዳትዘሉ ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ዛሬ ሌሊት እናንተም አራት አምስት ጊዜ ትታሰራላችሁ፤ አታውቁትም እንጂ።

ግቢ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ዘበኛ አስቡ። አባወራው ህልም ውስጥ ሲገባ ዘበኛው የውጭውን በር ይቆልፋል። አባወራው ሲነቃ ይከፍታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ እኩል ይነቃሉ። አንዳንድ ቀን ግን አባወራው ይቀድማል። በሩ ጋ ይደርሳል፤ ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ እንደተኛ ነው፣ ቁልፉም እሱ ኪስ ውስጥ። ዱካክ ማለት ይህ ነው። አእምሮ ነቅቷል፣ የሬም እስር ገና አልተፈታም። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። እኛ ጋ ስክሪኑ ላይ ሲያጋጥም ደስ የሚል ነገር ነው፤ የጭንቅላቱ መስመር የነቃ ሰው ነው፣ የአገጩ መስመር አሁንም ክር ነው።

ያ አስተማሪ «ትንፋሽህ ይቆማል፣ አትደንግጥ» ማለቱን ልጁ ነገረኝ። ኧረ አይቆምም! ዘበኛው ሁሉንም በር አይቆልፍም። ከሳንባ በታች ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ነፃ ነው። ዓይንም ነፃ ነው። የታካሚው ደረትና ሆድ ላይ የምናስረው ቀበቶ ሬም ውስጥም ከፍ ዝቅ እያለ ያድራል። ታዲያ ለምን ያፍናል? በጎድን አጥንት መሃል ያሉት ጡንቻዎች ስለላሉ ትንፋሹ አጠር ይላል። ሰውየው በድንጋጤ በረጅሙ ልሳብ ሲል ደረቱ አይታዘዘውም። ያልታዘዘውን «ቆመ» ብሎ ይተረጉመዋል። አየሩ ግን እየገባ ነው።

ትንፋሽ መቆም ከተነሳ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ የሥራ ልማድ ነው፣ ታገሱኝ። በከፍተኛ ድምፅ የምታንኮራፉ፣ አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው «መሃል ላይ ትንፋሽህ ቀጥ ይላል» የሚላችሁ፣ እያቃሰታችሁና አየር እየጎተታችሁ የምትነቁ ካላችሁ፣ የእናንተ ጉዳይ ዱካክ አይደለም። ስሊፕ አፕኒያ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ትንፋሽ በእርግጥ ይቆማል። ሐኪም ጋ ሂዱ።

ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ወደመሰለው ጥላ ሰውዬ እንመለስ። ሰውነቱ ታስሮ የነቃ ሰው የህልሙ ትርፍራፊ ዓይኑ ላይ ይቀርበታል። የአንጎሉ የማንቂያ ደወልም እየጮኸ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ ክብደት፣ አንዳንዴም መንሳፈፍ። በየአገሩ ይኸው ነው። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ላይ ደረት ላይ የምትወጣ አሮጊት ናት፤ ግብፅ ውስጥ ብዙዎች ጂኒ ነው ይላሉ። እኛ ዱካክ አልነው። በ2011 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 8 በመቶ የሚጠጋው ቢያንስ አንዴ ይይዘዋል። ተማሪዎች ጋ ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ ይወጣል። ተማሪ እንዴት እንደሚተኛ ለሚያውቅ አይገርመውም።

ፍርሃቱ ግን በየአገሩ እኩል አይደለም። ባላንድ ጃላልና ዴቨን ሂንተን በ2013 ባወጡት ጥናት ግብፃውያንን ከዴንማርኮች ጋር አነጻጽረው ነበር። ግብፃውያኑ የበለጠ ይፈራሉ፣ እሞታለሁ ብለውም የበለጠ ይሰጋሉ፣ እስሩም ይረዝምባቸዋል። ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም ፍርሃቱን ያበዛል፤ ፍርሃቱ ደግሞ እንቅልፉን ይሰባብራል፤ የተሰባበረ እንቅልፍ ዱካክን መልሶ ይጠራል። «ፈሪ አያልፍም» የሚለው ሰው ያላወቀው ይህንን ነው። ልጁን ደፋር ሊያደርገው ብሎ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረ።

ቃሉን ራሱ ያለ ቦታው የሚጠቀሙበትም አሉ። መጥፎ ህልም ያየ ሁሉ «ዱካክ ያዘኝ» ይላል። ያ ቅዠት ነው። ቅዠት ውስጥ ያለ ሰው ተኝቷል፤ ዱካክ የያዘው ሰው ጣሪያውን እያየ ነው። ጫት የሚቅሙ ደግሞ ጫት ሲተዉ የሚመጣባቸውን አስፈሪ ሌሊት ዱካክ ይሉታል። እሱም መሠረት አለው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች ሬምን ይጫናሉ፤ ሲተዉ ሬሙ የታገደ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ሉሲድ ድሪም ለመለማመድ ብሎ ጫት በአንድ ቀን ያቆመ ሰው በዚያ ሳምንት ለሚያየው ነገር እኔን አይጠይቀኝ።

እሺ፣ ዱካክ የሉሲድ ድሪም በር ነው ወይስ አይደለም?

አይደለም። ሉሲድ ድሪም ማለት አባወራው ወደ ውጭው በር ሳይሄድ፣ እዚያው ሳሎን መብራት ማብራቱ ነው። ግቢው እንደተቆለፈ ነው፣ ዘበኛው ሥራው ላይ ነው፣ ማንም ማንንም አልቀሰቀሰም። እንዴት ተረጋገጠ ካላችሁ፣ ባልተቆለፈው መስኮት። በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ኪት ኸርን፣ ትንሽ ቆይቶ ስታንፎርድ ላይ ስቲቨን ላበርዥ፣ የሚያልሙ ሰዎች አስቀድመው በተስማሙበት ምልክት ዓይናቸውን ግራና ቀኝ እንዲያዞሩ አደረጉ። አገጩ ክር ነው፣ ሰውየው ተኝቷል፣ ዓይኑ ግን «አውቄያለሁ» ይላል። በ2021 ደግሞ በአራት አገር ያሉ ላብራቶሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ ሬም ውስጥ ላለ አንድ ወጣት «8 ሲቀነስ 6» ብለው ጠየቁት። ዓይኑን ሁለቴ አዞረ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፀጉሬ ይቆማል።

አብዛኛው ሉሲድ ድሪም የሚጀምረው ከተጀመረ ህልም ውስጥ ነው። ሰውየው ሲያልም አንድ የማይሆን ነገር ያያል፤ ከሞቱ አያቱ ጋር ቡና ይጠጣል፤ «ቆይ፣ እሳቸው አርፈው የለም እንዴ?» ይላል። በቃ ገባ። ዱካክ የት አለ? የትም። ከንቃት ሳይላቀቁ በቀጥታ ወደ ህልም ለመግባት የሚሞክር አንድ ዘዴ አለ፤ እሱ በዱካክ ሰፈር ሊያልፍ ይችላል። ያ የቪዲዮ አስተማሪ አንዱን ዘዴ ይዞ የሁሉም ሕግ አደረገው።

«ጥናቶች ዱካክ የሚይዛቸው ሰዎች ሉሲድ ድሪምም ያያሉ ይላሉ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ሁለቱ አብረው የመታየት ነገር አላቸው። ሁለቱም የንቃትና የሬም ድብልቅ ስለሆኑ ጎረቤት ናቸው። ከዱካክ ተንሸራትተው ሉሲድ ድሪም ውስጥ የሚገቡ ሰዎችም አሉ። ግን ጎረቤቴ ቤት ለመግባት በእኔ ሳሎን ማለፍ ግዴታ አይደለም።

ሌላው የሚያናድደኝ «ማታ አልጋ ላይ ወጥተህ ሳትንቀሳቀስ ተጋደም፣ ዱካኩ ይመጣል» የሚለው ነው። ጤነኛና እንቅልፍ የጠገበ ሰው የመጀመሪያው ሬም የሚመጣለት ከተኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተጋድመህ እጅህ የደነዘዘው ስላላንቀሳቀስከው ነው። ዘበኛው ገና እራቱን እየበላ ነው።

የእህቴን ልጅ ታዲያ ለምን ያዘው? ምክንያቱም ሳያውቅ የዱካክ ማዘዣውን አሟልቷል። በጀርባ መተኛት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ መሃል ላይ እየተነሱ መልሶ መተኛት፣ ጭንቀት። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1992 ሰዎችን ሆን ብለው ከእንቅልፍ እየቀሰቀሱ ላብራቶሪ ውስጥ ዱካክ አስመጥተዋል። እሱም በአላርሙ ራሱ ላይ ያንኑ ሠራ።

በስልክ የነገርኩት ይህን ነበር። ለጊዜው ልምምዱን ተወው፣ ሳምንት ሙሉ በደንብ ተኛ። በጎንህ ተኛ። ከዚያ መቀጠል ካማረህ አላርም አትሙላ። ወደ ንጋት፣ ሬም በሚረዝምበት ሰዓት፣ ራስህ ከህልም ስትነቃ ህልሙን አስታውስ፤ «ቀጥሎ ሳልም ህልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያልክ መልሰህ ተኛ። መጠበቅ የለም፣ መደንዘዝ የለም።

ቢይዝህስ? በሩን አትደብድበው። ሽማግሌው ቁልፉን እየፈለገ ነው። ትንፋሽህን ወደ ውጭ በቀስታ ልቀቅ። ጥላውን ትኩር ብለህ አትየው፤ የምትወደውን ሰው ፊት አስብ። የእግር ጣት ማንቀሳቀስ ፈጥኖ የሚያስለቅቃቸው አሉ፤ ጃላል ግን ዝም ብሎ መላላትን ነው የሚመክረው፣ በትንሽ የታካሚዎች ሙከራም አይቶታል። እናቱ «በስመ አብ በል» ብላው ኖሮ «እሱስ?» ሲል ጠየቀኝ። በል፣ ግን ቀስ ብለህ። እየተጣደፉ ሲሉት ልብ ያስሮጣል፣ ረጋ ብለው ሲሉት ትንፋሽ ያረጋጋል። ሙስሊም ጓደኛውም ቢስሚላሁን እንደዚያው።

ዘበኛውን ከጠራሁት አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። በቀን የሚቆልፍባቸው ሰዎች አሉ። ሲስቁ ጉልበታቸው የሚከዳቸው፣ ሥራ ላይ እንቅልፍ የሚጥላቸው ናቸው፤ ዱካክም ይደጋገምባቸዋል። ናርኮሌፕሲ ይባላል፣ ሕክምና አለው። ጨርሶ የማይቆልፍላቸውም አሉ፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ህልማቸውን እየተዋጉ ሚስታቸውን የሚመቱ። በዚህ አይቀለድም። ከዓመታት በኋላ ፓርኪንሰን የሚመጣባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ደግሞ ሌሊት ታክሲ ነድታችሁ፣ ፓርኪንግ ጠብቃችሁ ወይም ሆስፒታል አድራችሁ ቀን አምስት ሰዓት የምትተኙ ያገሬ ልጆች፣ ያቺን አምስት ሰዓት በህልም ልምምድ አትቆራርጧት። የሌለ ድምፅ ሰምቶ የሚያውቅ፣ ለዚያም የታከመ ሰው ይህን ነገር ባይነካካው ይሻላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ደወለ፤ በእሱ ቀን፣ በእኔ እንቅልፍ። ዱካኩ አንዴ ተመልሶ መጥቶ ነበር አለኝ። «ሽማግሌው ቁልፍ እየፈለገ ነው ብዬ ሳቄ መጣ፣ መሳቅም አቃተኝ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ሉሲድ ድሪሙስ?»

«ማትሪክ እየተፈተንኩ ነበር። እስክሪብቶዬ ጠፍቶ ስፈልግ አደርኩ። ህልም መሆኑ ትዝ ያለኝ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ነው።»