የመምህር «ምሪት» ምንድን ነው? ስልክ መንጠቅ እንዳልሆነ ግን እወቁልኝ

ሰሞኑን በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባችን ተነሥቶ «የተማሪዎችን የኢንተርኔት አጠቃቀም በሚገባ እየመራን ነው» አለ። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? በአንድ ሳምንት የተሰበሰበ ስልክ መሳቢያ ሞልቷል። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ። ግን «ምሪት» የሚለውን ቃል እንዲህ ሲጠቀሙበት ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ያ ቁጥጥር ነው። ቁጥጥር አያስፈልግም አልልም፤ በፈተና ቀን እኔም ስልክ እሰበስባለሁ። ድረ ገጽ መዝጋትም ቁጥጥር ነው። የሙያዬ ነገር ሆኖ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ ትምህርት ቤት መዝጋት የሚችለው በራሱ ዋይፋይ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ልጁ የሞባይል ዳታውን ሲያበራ አጥሩ የለም። የተዘጋ ድረ ገጽ በሌላ መንገድ የሚያስከፍተውን ቪፒኤን መጫን ደግሞ ከአንዳንድ መምህር ይልቅ እነሱ ያውቁበታል።

ምሪትን ለማስረዳት ከቅኔ ቤት የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ኮምፒውተር ከማስተማሬ በፊት ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ለጎጃም ልጅ ይህ ብርቅ አይደለም። ተማሪው ቀን ቅኔ ቆጠራ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ሊደርስ፣ ይወጣል። ዛፍ ሥር ወይ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። የኔታ ተከትለውት አይሄዱም፤ ምን እንደሚያስብም አይጠብቁም። ማታ ግን የቆጠረውን ይዞ ፊታቸው ይቀርባል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ብትሆን ይነግራታል። የኔታ ሥራቸውን የሚጀምሩት ያኔ ነው። ይህ ግስ ከየት መጣ? ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ? የሰው ቅኔ ቀባብቶ ያመጣ እንደሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ አያልፍም። ወራት ሲያልፉ ልጁ ገና ዛፉ ሥር እያለ እነዚያን ጥያቄዎች ራሱን መጠየቅ ይጀምራል።

ኢንተርኔት ያ ሜዳ ነው። ልጁ ብቻውን ይሄዳል፤ እኔ የምጠብቀው ማታ ነው።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው እንደማያስኬድ አውቃለሁ። ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ ከኢንተርኔት የመጣ መልስ ግን እውነት ይሁን እንጂ አሮጌ ቢሆን ግድ የለኝም። የኔታ ዘንድ የሚመጣው ደግሞ ወዶ ነው፣ ቤቱን ጥሎ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ። የእኔዎቹ ስልሳ ናቸው፣ ግማሾቹ ደወል እየጠበቁ ነው። (በስመ ጥሩው የቅኔ ቤት በዋሸራ የተማሩ ሰዎች ስለ ቅኔው ያልኩትን ሳያርሙልኝ እንደማይቀሩ አውቃለሁ። ይሁን።)

አንድ ተማሪዬ ስለ ጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጽፎ አመጣልኝ። ንጉሡ በ1893 አረፉ፣ በ1896 ዓድዋ ዘመቱ ይላል። በሞቱ በ3ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን ከራሱ አልፈጠረም። ዕረፍታቸውን ያገኘው ከአማርኛ ገጽ ነው፤ የዓድዋን ዓመት ደግሞ ከእንግሊዝኛው። ዓድዋ በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። ሁለቱም ገጾች ትክክል ናቸው። ቁጥጥር የሚያውቀው መጥፎ ገጽ መዝጋት ነው፤ እዚህ ላይ ምኑን ይዘጋል? ልጁን ያቃናው «በማን አቆጣጠር?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። አሁን ዓመተ ምሕረት ባየ ቁጥር እሱ ራሱ ጓደኞቹን በዚያች ጥያቄ ያስቸግራል።

ያው ባልደረባችን «የቁልፍ ምልክት ያለበትን ገጽ ብቻ እንዲከፍቱ አዘናል» ማለቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ያ ቁልፍ የሚለው በአንተና በገጹ መካከል ያለው መንገድ ተመስጥሯል፣ መሐል ላይ ሌላ ሰው አያነብህም ነው። ስለ ገጹ ባለቤት ሐቀኝነት አንዲት ቃል አይናገርም። ደብረ ማርቆስ ገበያ በሰላም ደረስክ ማለት የምትገዛው ቅቤ ሙዝ አልገባበትም ማለት ነው እንዴ? አጭበርባሪም ቁልፉን በነጻ ያገኘዋል።

«ታዲያ መምህሩ የስልሳ ልጅ ስልክ ሲያይ ሊውል ነው?» ይለኛል መቼም። አይደለም፣ የቤት ሥራውን ይለውጥ። «ስለ ዓባይ ጻፉ» ብል ሃምሳው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያመጣልኛል፣ አንዳንዱ ከነማስታወቂያው። ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ አልኩ፦ የዓባይ ምንጭ የት ነው? የማይስማሙ ሁለት ገጾች አምጡና ለምን እንዳልተስማሙ ንገሩኝ። አንዱ ጣና ሐይቅ ይላል። ሌላው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ከግሽ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ይወጣል። ጠባቸው «ምንጭ» ስንል ምን ማለታችን ነው በሚለው ላይ ነው።

ከክፍሉ እስከዚህ መልስ ድረስ የሄዱት አራት ናቸው። አንዷ ከሁለቱ ገጾች ሌላ ሦስተኛ ምስክር ጨምራለች፤ ሰከላ ላሉት አያቷ ደውላ ጠይቃቸዋለች። የደወለችበት ስልክ ከዚያ መሳቢያ ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።