ቆራሌ እና ልዋጭ ይለያያሉ

ጠዋት ፒያሳ ሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል የአሮጌ ዕቃ ገዢ ድምፅ ያልፋል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። በፍጥነትና በዜማ ተጨማዶ «ቆራሌው» ሆነ፤ ከዚያ የሰውየው ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ቆርቆሮ ብቻ አይፈልግም። ጠርሙስ፣ የዛገ ብረት፣ የተሰበረ ወንበር፣ ሁሉንም ማዳበሪያው ውስጥ ይከታል። እናቴ ስልኬን ባየች ቁጥር «ለቆራሌ ስጪው» ትለኛለች። አርጅቷል ማለቷ ነው (ገና ይሠራል እኮ!)።

ልዋጭ ሌላ ነው። «ለወጠ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ብር አይከፍልም፣ አሮጌ ልብስ ወስዶ ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣል።

ብዙው ዕቃ መጨረሻው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ይሄም ስም «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። እዚያ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል።