በአኳሪየም ውስጥ «የናይትሮጅን ዑደት» የሚባለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የገዛኋቸው ዓሦች ስምንት ጋፒዎች ነበሩ። 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። አጠብኩት፣ ጠጠር አነጠፍኩበት፣ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። ሻጩ «አንድ ቀን አሳድረውና ዓሦቹን ጨምር» ብሎኝ ስለነበር እንዳለኝ አደረግሁ። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ አየሁ። በአሥረኛው ቀን የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

ያን ጊዜ የማላውቀው ነገር የናይትሮጅን ዑደት ይባላል። አኳሪየም ሊጀምር ላሰበ ሰው ከዓሣው ዓይነትም፣ ከመብራቱም፣ ከጌጡም በፊት ይህን ቢያውቅ እመኛለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከምግብ ነው። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን አሞኒያ ይተርፈዋል። አብዛኛውን የሚያስወጣው ደግሞ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው መተንፈሻው ነው። ስለዚህ አሞኒያው ቀንም ሌሊትም ወደ ውሃው ይገባል። ያልተበላ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይጨምሩበታል። ሐይቅ ወይም ወንዝ ቢሆን ውሃው ብዙ ነውና ይሳሳል። 60 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። አሞኒያ ቀለም የለውም። ዓሣ በሚገድልበት መጠን ለእኛ አፍንጫም አይሸትም። እኔን ያታለለኝም ያ ኩልል ያለ ውሃ ነው።

አሞኒያውን የሚያነሱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ቢሆን መርዝ ነው። የዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣዋል፤ ደሙም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሁለተኞቹ ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት በጣም ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል። እሱን የምናስወግደው ውሃ በመቀየር ነው፤ እውነተኛ ተክል ካለ ደግሞ ተክሉም ይመገበዋል።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሳይንቲስት በ1890 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ዙሪክ ውስጥ ሲያጠናቸው አፈር ውስጥ ያሉትን ነበር የያዘው። የአኳሪየም ሰዎችም ለረጅም ጊዜ በቤታቸው የሚሠሩት እነዚያው ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ግን ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ባላቸው አኳሪየሞች ውስጥ ናይትራይቱን የሚለውጠው በብዛት ናይትሮስፒራ የሚባለው ወገን መሆኑ ታወቀ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራ ናይትሮስፒራ ተገኘ። ይህ ሁሉ ሲሠራ የሚውለው ሳሎን ውስጥ፣ በአንዲት ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ነው። እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስፖንጅ ያልኩት በምክንያት ነው። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ፣ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው። የሚባዙትም በዝግታ ነው። ወተት የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ቢመቻቸው እንኳ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አዲስ አኳሪየም እስኪበስል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ውሃ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያበንነው ይሆናል፤ ባክቴሪያ ግን አይፈጥርም። (ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላላችሁ፦ እዚያ አብዛኛውን ዓመት ቧንቧው ውስጥ ያለው ክሎራሚን ነው። ክሎራሚን በማሳደር አይለቅም፤ ማርከሻ ጠብታ ግዙ።)

በሁለተኛው ሙከራዬ ዓሣ ሳልገዛ ጀመርኩ። ፊልተሩንና ሂተሩን አብርቼ በየቀኑ ቆንጠር አድርጌ የዓሣ ምግብ እጥልበት ነበር፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። በየሁለት ቀኑ በመመርመሪያ ጠብታ እለካለሁ። መጀመሪያ አሞኒያው ወጣ። ከዚያ እሱ መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ወጣ፤ ብዙ ቀንም አልወርድ አለ። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ታገሱ። አንድ ቀን ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ፤ ናይትሬት ብቻ ይታያል። ያን ቀን ዓሣ ይገባል፤ እሱም ጥቂት በጥቂት።

ማሳጠሪያ መንገድ አለ። አዲስ ቤት የገባች ሴት ሊጥ ለማቡካት እርሾ ከጎረቤት ትለምናለች እንጂ ከባዶ አትጀምርም። አኳሪየምም እንደዚያው ነው። ጤነኛ ዓሣ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራሽ ለምኑት። በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ እንደራሰ አምጡትና ፊልተራችሁ ውስጥ ክተቱት። እርሾው ውስጥ አለ፤ ሳምንታት ይቆጥብላችኋል።

እርሾ እንዳይጣል ሁሉ ስፖንጁም አይጣልም። በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። ሳሙናማ ጭራሽ አይነካውም። ውሃ ስትቀይሩ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ትንሽ ቆሻሻ ቢመስል አይደንግጣችሁ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሩ እንጂ ሁሉንም አትድፉ። የተቀዳውን ውሃ እኔ ለጤና አዳሜ ነው የምሰጠው፤ እንዲህ ለምልሞ አያውቅም።

የአሞኒያ ጉልበት በሙቀትና በውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ይወሰናል። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ገዳዩ የአሞኒያ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከአሞኒያው ጋር ፒኤቹንም ለኩ።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይከብደናል። አንደኛው ከፍታው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለን፣ በእኩል ሙቀት ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ውሃ በሩብ ገደማ ያንሳል። ዓሦቹም ባክቴሪያዎቹም የሚተነፍሱት ያንኑ ነው፤ እዚህ የአየር ፓምፕ ጌጥ አይደለም። ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሂተሩ ይቆማል፤ በክረምት ሌሊት ደግሞ 25 ዲግሪ የለመደ ዓሣ ቶሎ ይበርደዋል። አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ተዉለት። ከዚህ የሚብሰው የፊልተሩ መቆም ነው። ውሃ ካልዞረ ባክቴሪያዎቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መታፈን ይጀምራሉ። ስፖንጁን ከፊልተሩ አውጥታችሁ አኳሪየሙ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡት። በየጊዜው በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ አየር ይዞ ይገባል። ምግብ ለዚያን ቀን ይቅር፤ ያልበላ ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ያነሰ ነው። መብራት ሲመጣ ፊልተሩን ከማብራታችሁ በፊት አሽትቱት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውስጡ ያደረውን ውሃ ድፉት፣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ አብሩ። ለሚቀጥሉት ሦስት አራት ቀናትም አሞኒያና ናይትራይት ለኩ።